ሁለት ሁለት አድርገን እንላካቸው

የሕመምተኛ ረዳት ለመሆን የሚሠለጥኑ ወጣቶች ደኅንነትና የአጥቢያ ኮሚቴዎች ኃላፊነት

(በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለነርስ ረዳትነትና ለቤት ለቤት አስታማሚነት ከየአጥቢያው የሚመጡ ልጆቻችሁን ስንመዘግብ ስለ ሥልጠናው ርዝመት፣ ስለ ምስክር ወረቀቱና በኋላ ስለሚያገኙት ሥራ ይጠይቁናል። ምዝገባው አልቆ ሰው ሲበተን ግን ወደ ኋላ ቀርተው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ አለ። «ሕመምተኛው ቢመታኝስ? ቢነክሰኝስ? ብቻዬን ሳለሁ በሩን ቢዘጋብኝስ?» ይህን በአባቶች ፊት መጠየቅ እምነት ማጉደል እየመሰላቸው በምሥጢር ይጠይቁታል። የሚያገኙትም መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አይዟችሁ፤ ጸልያችሁ ግቡ» ይባላሉ።

ጸልየው እንዲገቡ እኛም እንመክራለን። ነገር ግን ጸሎት የተላከው ሰው ድርሻ ሆኖ ሳለ፣ የላከውም ሰው የራሱ ድርሻ አለው። ዛሬ ልንነጋገርበት የመጣነው ስለዚህ ሁለተኛው ድርሻ ነው። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ የማታውቀው ቤት ገብታ የማታውቀውን ሰው እንድታጥብ የምንልካት እኛ ከሆንን፣ በሰላም ገብታ በሰላም እንድትወጣ የማሰቡ ሥራ በእርሷ ድፍረት ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም እንላለን።

አካባቢያችንን ታውቁታላችሁ። ከኮተቤና ከካራ አንሥቶ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ እስካሉት ሰፈሮች፣ ከዚያም አልፎ እስከ እንጦጦ ድረስ ያለው ሸንተረር የሕሙማን መንገድ ነው። ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ሌሎች የጠበል ሥፍራዎች ከሀገሪቱ አራት ማዕዘን ሕሙማን ይመጣሉ። በጠበሉ ዙሪያ ጎጆ ወይም ክፍል ተከራይተው ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ይቀመጣሉ። ከነርሱ ጋር እናት፣ ወንድም፣ ወይም በትንሽ ገንዘብ የተቀጠረ ወጣት አስታማሚ አለ። ታች ኮተቤ ደግሞ ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ይገኛል። ይህ ሆስፒታል መጀመሪያ የታሰበው ለአእምሮ ሕክምና ሆኖ፣ የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ሲገባ የወረርሽኙ ዋነኛ የሕክምና ማዕከል መሆኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም፣ የእርጅናና የረጅም ጊዜ ደዌ ለእኛ አጥቢያዎች የሩቅ ወሬ አይደሉም፤ ደጃችን ናቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል ለሕመምተኛው አካል ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ረዳቱ ነው። ሐኪሙ ጠይቆና አዝዞ ያልፋል። ነርሷም መድኃኒቱን ሰጥታ ወደ ሌላው አልጋ ትሄዳለች። የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ልብስ የሚቀይረው፣ ገልብጦ የሚያስተኛው፣ ሌሊት አብሮ የሚያድረው ረዳቱ ነው። ቁጡ የሆነ ሕመምተኛ እጁን የሚያነሣውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት፣ ሰው ልብሱን ሲያወልቀውና ገላውን ሲነካው ነው። ምት የሚያርፈው በቅርብ ባለው ሰው ላይ ስለሆነ፣ በሙያው ተዋረድ ዝቅ ያለው ሰው ለአደጋው ከሁሉ በላይ የተጋለጠ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከጤና ሠራተኞች መካከል ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። ስድቡና ዛቻው ሲጨመር ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ልጆቻችን የሚጠይቁት ጥያቄ የፈሪ ጥያቄ አይደለም።

በዚህ ላይ ግን ቶሎ ማከል ያለብን ነገር አለ፤ አለዚያ ንግግራችን ሕሙማንን የሚያስፈራ ይሆናል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም። ከሚመቱት ይልቅ የሚመቱት፣ የሚዘረፉትና የሚደፈሩት እነርሱ ናቸው። በጠበል ሥፍራ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቷል። «አስቸጋሪ ሕመምተኛ» የሚለውንም ቃል እኛ የምንጠቀምበት በመጠንቀቅ ነው፤ ምክንያቱም አስቸጋሪ ያልነው ሰው ብዙ ጊዜ ተቸግሮ የሚገኝ ሰው ነውና።

አንድ ነገር እንንገራችሁ። በአንድ ቤት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። ሊያገላብጧቸው የሚመጡትን ልጆች ይቧጥጣሉ፣ ይሳደባሉ፤ አንዷንም ነክሰዋታል። ሦስት ረዳቶች ተራ በተራ ጥለው ወጡ። «ክፉ ናቸው» ተባለ፤ ጎረቤትም «ድሮም እንዲህ ናቸው» ብሎ መሰከረ። በኋላ ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ልብሳቸውን ገልጣ ስታይ፣ ዳሌያቸው ላይ እስከ አጥንት የዘለቀ የአልጋ ቁስል አገኘች። ልጆቹ ወደ ጎን ባዞሯቸው ቁጥር ያ ቁስል ከአንሶላው ጋር እየተላጠ ይወጣ ነበር። እኒያ እናት መናገር ስለማይችሉ የሚናገሩት በጥፍራቸው ነበር። ቁስሉ መታጠብና መታከም፣ ሕመሙም ማስታገሻ ማግኘት ሲጀምር ቧጨራው ቀረ። ስድቡ እንኳ ፈጽሞ አልቀረም፤ ይህን ደብቀን ብንናገር እውነት አይሆንም።

ስለዚህ ለሠልጣኞቻችን መጀመሪያ የምናስተምረው ቁጣው ከየት እንደመጣ መፈለግን ነው። በተለይ በጠበል ሥፍራ ላሉ አባቶች ይህ ጉዳይ በቀጥታ ስለሚነካችሁ ጥቂት እንዘርዝረው።

የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ ወይም ተወግቶ እህል ሳይቀምስ እስከ ተሲዓት ቢቆይ ስኳሩ ይወርዳል። ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ ሰው አይለይም፤ ሊማታም ይችላል። ለሚያየው ሰው ሌላ ነገር ይመስላል። መዋጥ የሚችል ከሆነ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ቢጠጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲመለስ ይታያል፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከወደቀ በኋላ ሲነቃ ለጥቂት ጊዜ ግራ ይጋባል። በዚያ ሰዓት ይዞ ማስቀመጥ ትግል ያስነሣል፤ ከእሳትና ከገደል አርቆ፣ በጎኑ አስተኝቶ መጠበቅ ይበቃል። ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ለጠበል ሲመጣ በአንድ ቀን ያቆማል፤ መልካም አሳብ ነው። ሆኖም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየትና ኃይለኛ ድንጋጤ ሊነሣበት ይችላል። ይህ የሚገድል ሕመም ነው፤ ሆስፒታል የሚያስፈልገውም ያን ቀን ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ ትኩሳት ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ትናንት ሰላማዊ የነበሩት ዛሬ ልጃቸውን ሌባ ብለው ሊያባርሩ ይችላሉ። በድንገት የመጣ የጠባይ ለውጥ ሁልጊዜ ሐኪም የሚያስጠራ ምልክት ነው።

የመንፈስ ነው፣ የሥጋ ነው እያልን ልንፈርድ እኛ አልቆምንም፤ ያ የአባቶች ሥልጣን ነው። የምንለው ሁለቱን የሚያጣላ ነገር እንደሌለ ብቻ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት አይቃረኑም ብለው በግልጽ ሲናገሩ ብዙ ሰው ወደ መድኃኒቱ እንደተመለሰ ታስታውሳላችሁ። በእንጦጦ ማርያምም የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጠበሉ አገልጋዮች አብረው መሥራታቸው በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ሳይቀር ተጽፏል። ሕመምተኛው እየተጠመቀ መድኃኒቱን የሚወስድበት መንገድ ካለ፣ ለአስታማሚውም ደኅንነት ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። መድኃኒቱን በድንገት ያቋረጠ ሕመምተኛ ዘንድ ብቻውን የሚያድር ወጣት ግን በእውነት አደጋ ላይ ነው። አጥማቂ አባቶች ሕመምተኛውን ሲቀበሉ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? መቼስ ወሰድህ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ገመድ ትሻላለች።

ስለ ገመድና ስለ ሰንሰለትም ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። ቤተሰብ ልጁን የሚያስረው ጨካኝ ስለሆነ ነው ብለን አናምንም። በደቡብ፣ በሶዶ ወረዳ በተደረገና በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ ጥናት፣ የታሰሩ ሕሙማን ቤተሰቦች የሚሰጡት ምክንያት ተመሳሳይ ነበር፤ ራሱንም ሰውንም እንዳይጎዳ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ወደ ሕክምና ለማድረስ፣ ሌላም መንገድ ስላጡ። የርኅራኄ እስራት አለ። ግን ሥራው ምን እንደሆነ እናውቃለን። የታሰረ ሰው የእጁ አንጓ ይቆስላል። ሽንቱን በተቀመጠበት ይሸናል። የሚቀርበውን ሁሉ እንደ አሳሪው ያያል። ሊያጎርሰው ጎንበስ ያለውን ወጣት የሚይዘው ያን ጊዜ ነው፤ ርቆ መሄድ ስለማይችል የቀረበውን አጥብቆ ይይዛልና። ቤት ቢቃጠል ደግሞ የሚሆነውን አንናገረው። ወንጌላዊው ማርቆስ የጌርጌሴኖኑን ሰው ታሪክ ሲጽፍ ሰንሰለቱ ብዙ ጊዜ ታስሮበት ብዙ ጊዜ እንደበጣጠሰው ያነሣል፤ በመጨረሻም ሰዎች ያገኙት ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ነው። ለብሶ መቀመጡ መጻፉን ልብ በሉ።

ስለዚህ ሕጋችን ግልጽ ነው፤ ሠልጣኝ ሰው አያስርም። ቤተሰብ ወይም ሌላ ሰው «ያዝልኝ፣ እሰርልኝ» ቢለው «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» እንዲል መብት ሰጥተነዋል። በሆስፒታል ለሕክምና ሲባል ሕመምተኛን መያዝ ቢያስፈልግ በሐኪም ትእዛዝ፣ በሠለጠኑና በበቂ ቁጥር ባሉ ሰዎች፣ ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ነገር ነው። በጎጆ ውስጥ ሁለት ልጆች በነጠላ የሚሠሩት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ትንንሾቹ ነገሮች እንለፍ። ተንቀው የሚታለፉ፣ ነገር ግን ሰው የሚያድኑ እነርሱ ናቸው።

ረዳቱ ወደ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው። በሩ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? መቀርቀሪያው የቱ ጋ ነው? ከዚያ በኋላ በእርሱና በበሩ መካከል ሕመምተኛው እንዳይቆም አድርጎ ይቀመጣል። በቤታችን የእንግዳ ክብር ወደ ውስጥ፣ ከበር ርቆ ማስቀመጥ ስለሆነ ይህ ትንሽ ያሳፍራል፤ ቤተሰቡም «ምነው ከበር ላይ?» ይላል። «እዚህ ይመቸኛል» ብሎ መቀመጥ ነው። ቡና ተፈልቶ ከሆነ ከሰሉና ጀበናው፣ ቢላዋና መጥረቢያም ካለ ከሕመምተኛው እጅ ርቀው መቀመጣቸውን ያያል። ነጠላ አንገት ላይ አይጠመጠምም፤ ወገብ ላይ ይታሰራል። የጆሮ ጌጥ ይወልቃል። ማዕተብ አይበጠስም፣ አይወልቅምም፤ ከልብስ ውስጥ ይገባል። ይህን ለይተን የምናነሣው አንዳንድ ልጆች በሥልጠናው ላይ ስለ አንገት ክር ሲነገራቸው ማዕተባቸውን እንዲፈቱ የታዘዙ መስሏቸው ስለደነገጡ ነው።

ከመንካት በፊት መናገር ያስፈልጋል። «እማማ፣ አሁን እግርዎን ላጥብ ነው፤ ውኃው ለብ ያለ ነው» ብሎ፣ ጥቂት ጠብቆ መጀመር ነው። አንቱ የሚባሉትን ሰው ታመሙ ብሎ አንተ ወይም አንቺ ማለት በራሱ ጠብ ይጭራል፤ ይህን በመርሳት ሕመም ላይ ያሉ አረጋውያን ዘንድ ደጋግመን አይተናል። ስማቸውን ይረሳሉ፤ ክብራቸውን ግን አይረሱም። ቁጣ ሲነሣ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በብዙ ቤት ግን እናትም፣ እኅትም፣ ጎረቤትም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ሕመምተኛውም ውስጡ ከሚጮኸው ድምፅ ጋር ይህ ሁሉ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት። ከሌለ ድምፅ ጋር ሲነጋገር «ማንም የለም፣ ውሸትህን ነው» ብሎ መከራከር አይጠቅምም፤ «እኔም ሰምቻለሁ» ማለትም ማታለል ነው። «እንዳስፈራህ አያለሁ፤ እዚህ አለሁ» ማለት ይበቃል።

ካልበረደስ? ወጥቶ መሄድ ነው። ይህን ስንል አንዳንድ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ያኮማትራሉ፤ ሕመምተኛን ጥሎ መውጣት ኃጢአት ይመስላቸዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለመመለስ መውጣት ጥሎ መሄድ አይደለም። ገላ መታጠብ ለነገ ቢተላለፍ የሚሞት ሰው የለም። የተመታ ረዳት ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከማንም አልጋ አጠገብ ላይቆም ይችላል።

አሁን የምናነሣው ለመስማት የሚከብድ ነው። ሴቶች ልጆቻችን በየቤቱ ሲገቡ የሚፈሩት ዱላ ብቻ አይደለም። እጃቸውን የሚይዝ፣ የሚጎትት፣ የሚያሳፍር ቃል የሚናገር አለ። አንዳንዱ በእርግጥ ሕመሙ ያደረገው ነው፤ አእምሮው የተጎዳ አዛውንት የሚያደርገውን አያውቅም። አንዳንዱ ግን ታማሚው ሳይሆን የታማሚው ወንድም፣ ወይም የቤቱ ጌታ ነው። ልጅቱ መጥታ ስትናገር «እርሱ ታሟል፤ አንቺ ቻይው» ወይም «የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነው፤ ስሙን አታንሺ» የሚል መልስ ካገኘች ሁለተኛ አትናገርም። ሁለተኛ ካልተናገረች ደግሞ ቀጥላ የምትላከውም ልጅ ሳታውቅ ትገባለች። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተከለከለ ነው። በጎ ፈቃደኛ ልጆቻችን በደመወዝ ስላልተቀጠሩ ከዚህ ያነሰ ጥበቃ ይገባቸዋል የሚል አባት እዚህ መካከል ይኖራል ብለን አናስብም።

ካህናት አባቶች በዚህ ጉዳይ ልዩ ሥፍራ አላችሁ። የኑዛዜ ምሥጢር አይነካም፤ ስለ እርሱ አንነጋገርም። ነገር ግን ካህን ቤት ለመባረክ፣ ጠበል ለመርጨት፣ ለቅሶ ለመድረስ የማይገባበት ቤት የለም። በየትኛው ቤት ጠብ እንደማይጠፋ፣ በየትኛው ቤት ሽጉጥ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ በዓይኑ ያያል። እንዲህ ያለው አባት ለኮሚቴው «ወደዚያ ቤት ሴቶች ብቻቸውን አይሂዱ» ብሎ አንድ ቃል ቢናገር፣ ኮሚቴውም ምክንያቱን ሳይመረምር ቢቀበል፣ ማንም ስሙ ሳይጠፋ ልጆቻችን ይጠበቃሉ።

ኮሚሽናችን በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ዓይነት በጎ ፈቃደኞችን አይቷል። በኤች አይ ቪ ዘመን፣ በ1990ዎቹ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ የሰጡትን እናቶችና ወጣቶች ከእናንተ መካከል የምታስታውሱ አላችሁ፤ ከእነርሱም አንዳንዶች ዛሬ በዚህ አዳራሽ አሉ። ያን ጊዜም ፍርሃት ነበር፤ «ልብሱን ባጥብ ይይዘኛል ወይ?» የሚል። ፍርሃቱን የሰበረው ተግሣጽ አልነበረም። በሽታው በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ሲነገራቸው፣ ጓንትም በእጃቸው ሲሰጥ ነው። ዛሬም የምንጠይቃችሁ ያንኑ ነው፤ ዕውቀትና ጓንት። ጓንቱ ግን በዚህ ጊዜ የሚሠራው ከላስቲክ አይደለም፤ እናንተው ናችሁ።

ምን እንደምንፈልግ በግልጽ እንናገር። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ሁለት ሁለት አድርጎ እንደላከ በወንጌል ተጽፏል። እኛ ግን ሰው አነሰን ብለን አንድ አንድ እንልካለን። ሰው ከሌለ ቤቶቹን እንቀንስ እንጂ ልጆቹን አንከፋፍል። 10 ቤት በአንድ በአንድ ከመጎብኘት 5 ቤት በሁለት በሁለት መጎብኘት ይሻላል፤ በዚህ ላይ ከአንዳንድ ኮሚቴዎች ጋር ተከራክረናል፤ አሁንም አቋማችን ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ቤት ሲኬድ ከሁለቱ አንዱ ልምድ ያለው ይሁን፤ የሚቻልም ከሆነ የቤቱ የንስሐ አባት ያስተዋውቃቸው።

ሁለቱ የት እንደገቡና በስንት ሰዓት እንደሚወጡ የሚያውቅ አንድ የኮሚቴ አባል ይኑር፤ በሰዓቱ ካልደወሉ የሚደውለው እርሱ ነው። ለስልክ ካርድ የሚወጣውን ገንዘብ ሰበካ ጉባኤው ቢሸፍን የሚጎዳ አይደለም። ከጨለመ በኋላ ከእንጦጦ ጫካ በኩል ብቻቸውን እንዳይወርዱ ይታሰብላቸው፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶቻችን በዚያ መንገድ የሚደርስባቸውን ታውቃላችሁ።

አንድ ደብተርም ያስፈልጋል። በየቤቱ የሆነው ነገር በአጭሩ ይጻፍበት፤ ማን ተቆጣ፣ በምን ሰዓት፣ ምን ሲደረግለት፣ በምንስ በረደ። «ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይቆጣሉ፤ ጠዋት ይሻላል» የሚል አንድ መስመር ቀጥላ ለምትገባው ልጅ ከግማሽ ቀን ሥልጠና የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ደብተሩ ግን በቢሮ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የሰው ገመና ነውና በአውደ ምሕረት አይነበብም፣ በእድርም አይወራም።

ልጆቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ጉበትን ለሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ክትባት እንዲወስዱ አድርጉ፤ ክትባቱ የሚሰጠው በሦስት ዙር ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ሰው የነከሰው ወይም መርፌ የወጋው ረዳት ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ካስፈለገ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። «እሑድ ነው፤ ሰኞ እንሄዳለን» ማለት አይገባም። የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ደግሞ አደጋው ከመድረሱ በፊት በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ የተመታች ልጅ ክፍል ለክፍል እየዞረች ገንዘብ እንድትለምን አይደረግ።

ከልጆቻችሁ ብዙዎቹ ይህን ሙያ የሚማሩት በግል ማሠልጠኛዎች ነው፤ ወደ ውጭ ሀገር ለመሄድ የሚያስቡም አሉ፤ አንፈርድባቸውም። በአሜሪካ በአረጋውያን መኖሪያዎች የሚሠራ የነርስ ረዳት በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ ይገደዳል፤ አእምሮው የደከመ ሰው ሲቆጣ እንዴት እንደሚያዝም ከትምህርቱ አንዱ ነው። ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ማሠልጠኛውን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ «የተቆጣ ሕመምተኛን ስለመያዝ ስንት ሰዓት ታስተምራላችሁ? ልምምዱስ የት ነው?» መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለሕሙማንና ለድኆች ማደሪያ ሲሠራ፣ እርሱ ራሱ የሕሙማኑን ቁስል ይነካ እንደነበር በአበው ታሪክ ይነገራል። በዚያ ማደሪያ ግን ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነበሩበት፤ ሥርዓት ነበረው። ይህን ያነሣነው፣ «ቤተ ክርስቲያን የምትሠራው በፍቅር እንጂ በደንብ አይደለም» የሚል አስተያየት በየስብሰባው ስለሚሰነዘርብን ነው።

ከዚህ ስትመለሱ ከየአጥቢያችሁ የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሥልጠና በፊት የሠልጣኞቹን ስም ሁለት ሁለት አድርጋችሁ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ጽፋችሁ ላኩልን። ከስሞቹ ጎን የሚደወልለትን የኮሚቴ አባል ስልክ፣ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ፣ በጠበል ሥፍራ ላሉት ደግሞ ኃላፊውን አባት አስፍሩ። በዚህ ዓመት የተመታ፣ የተነከሰ ወይም ፈርቶ ያቋረጠ ልጅ ካለም ከማንም በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም ስሙን ሳትጠቅሱ አሳውቁን፤ የሚቀጥለውን ሥልጠና የምናዘጋጀው ከዚያ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።